«ወንጭፉ ይቅር» ላልከው ወዳጄ

ባለፈው ሳምንት አንድ ወዳጄ ስለ ቅዳሜ ጨዋታችን ረዘም ያለ ጽሑፍ ጽፎ ለሁላችንም ላከልን። ርዕሱ «ወንጭፉ ይቅር» ይላል። ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅኩ። በሁለተኛው ተናደድኩ። በሦስተኛው እንዳልታመም ብዬ ይኸው ምላሼን ጻፍኩ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ትንሽ ላስረዳ። አምስት ነን። ቅዳሜ ቅዳሜ ቱሉ ዲምቱ፣ እኔ ቤት፣ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ እንሰበሰባለን። አንዱ ከጀሞ ይመጣል፣ አንዷ ከየካ አባዶ፣ ሁለቱ ከአያት። የሚና ጨዋታ እንጫወታለን። ጠረጴዛ ከብቦ፣ ዳይስ እየጣሉ፣ ታሪክ አብሮ መፍጠር ማለት ነው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ካራክተር አለው። እኔ ጌም ማስተር ነኝ። ዓለሙን እኔ እሠራለሁ፣ እነሱ ያተራምሱታል። ታሪካችን የሚካሄደው በ2150 ዓ.ም. ነው። ካራክተሮቹ መቀመጫቸውን እዚሁ ቱሉ ዲምቱ ያደረጉ የአስቸኳይ ዕቃ አድራሾች ናቸው። መድኃኒት ያደርሳሉ፣ ሰነድ ያደርሳሉ፣ አንዳንዴም ምን እንደያዘ ባይጠየቅ የሚሻል ሳጥን ያደርሳሉ።

ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለቡድኑ ሦስት የአየር ጉዞ አማራጮች አቀረብኩ። አንደኛው ዛሬ የምናውቀው ዓይነት ተራ ጄት ነው። ሁለተኛው ከድምፅ ሁለት እጥፍ የሚፈጥን አውሮፕላን ነው፤ «ጭልፊት» አልነው። ሦስተኛው ከከባቢ አየር ወጥቶ፣ ቅስት ሠርቶ፣ ሌላ አህጉር ላይ የሚወርድ የመንገደኛ ሮኬት ነው። እሱን «ወንጭፍ» አልነው። ሥራው እሱው ነዋ። ይወረውርሃል፣ ትወድቃለህ።

ወዳጄ የኋለኞቹ ሁለቱ ከጨዋታው ይውጡ ነው የሚለው። በምትካቸው በሂሊየም የሚንሳፈፍ የአየር መርከብ ይግባ ይላል። ስድስት ምክንያት ደርድሯል። በእሱው ቅደም ተከተል ልሂድ።

አንደኛ፦ «ፍጥነቱ መንገዱን ገደለው»

የወዳጄ ዋና ክስ ይህ ነው። ድሮ ካራክተሮቹ ከአዲስ አበባ ሞያሌ ሲወርዱ ሦስት ቅዳሜ ፈጅቶብናል። መኪናው ዲላ ላይ ተበላሸ። ይርጋ ጨፌ ላይ ሳይጠሩ ሰርግ ገቡ። ያቤሎ ሲደርሱ ከቡድኑ አንዷ አልተገኘችም፤ ለካ ሰርጉ ላይ ቀርታለች። አሁን ግን «ሙምባይ ደረሳችሁ» ይባላል፣ አለቀ። መንገድ የሌለው ጨዋታ ጨዋታ አይደለም ይላል።

የሰርጉን ነገር እኔም አልረሳሁትም። ግን መንገዱ አልሞተም። ቦታ ነው የቀየረው። እንዴት እንደሚቀይር ለማወቅ ደግሞ 2150 መድረስ አያስፈልግም፣ ድሬዳዋን ማየት ይበቃል።

ባቡሩ ከጅቡቲ ሲመጣ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር እንዲወጣ ነበር። ሐረር ለዘመናት የንግድ በር ነበረች። ግን ሐዲዱን ተራራው ላይ ማውጣት ከባድም ውድም ሆነ። ስለዚህ ከታች ሜዳው ላይ አስቀሩት። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ የቆመበት ሜዳ ከተማ ሆነ፤ ድሬዳዋ ተወለደች። ሐረር ከነግንቧ ከመስመሩ ውጭ ቀረች። ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው እ.ኤ.አ. በ1917 ነው። በግመልና በበቅሎ ሳምንታት ይፈጅ የነበረው መንገድ በቀናት አለቀ። ታዲያ ታሪክ ጠፋ? ጭራሽ! ታሪኩ ከሲራራው መንገድ ተነሥቶ ጣቢያው ላይ ሰፈረ። ፈጣን ነገር የሆነ ቦታ ቆሞ መተንፈስ አለበት። የሚተነፍስበት ቦታ ላይ ደግሞ ሻይ ቤት ይከፈታል፣ ደላላ ይቆማል፣ አልቤርጎ ይሠራል።

ወንጭፉም እንዲሁ ነው። ሮኬት ከቦሌ አይነሣም። ጩኸቱ መስኮት ያራግፋል። ቢበላሽ ደግሞ የሚወድቀው ሰው ላይ ነው። ስለዚህ ባዶ ሜዳ ፈልጌ አፋር ወሰድኩት፣ ከሰመራ ወዲያ። ሜዳው አጠገብ ከተማ በቀለ። ስሙን «ቆይታ» አልኩት። በዓለም ላይ ፈጣኑ ማጓጓዣ የሚነሣበት ከተማ ሰው ከመጠበቅ በቀር ሥራ የማይሠራበት ሆነ።

ስለ ቆይታ ትንሽ ላውራ፤ እወደዋለሁና። ንፋስ ከበረታ ወንጭፍ አይነሣም። ስለዚህ አልጋ የሚያከራዩት ሁሉ ንፋስ እንዲነሣ ይጸልያሉ። ወረፋ የሚሸጡ ደላሎች አሉ። መንገደኛው ከመግባቱ በፊት ልቡንና ደም ግፊቱን የሚለካ ሐኪም አለ። እሱ «አይሆንም» ካለ ትኬትህ ወረቀት ነው። እሱን ለማለፍ ስንቱ ምን እንደሚያደርግ ተዉት። ማቅለሽለሽ ያቆማል እያለ ዝንጅብል በሎሚ የሚያዞር ልጅ አለ። አንዲት ቡና ሻጭ አለች። የዕጣኗ ጭስ ወደ ምሥራቅ ከታጠፈ «ዛሬ የለም» ትላለች፣ ከመቆጣጠሪያ ጣቢያው ቀድማ። ጨው ጭነው የሚያልፉ የግመል ነጂዎች አሉ። ሮኬቱን ቀና ብለው እንኳ አያዩትም።

ወዳጄ ሆይ፣ ቆይታ ላይ ከአንድ ደላላ ጋር በወረፋ ስትከራከር ሁለት ሰዓት ሙሉ የፈጀኸው አንተ አይደለህም? ያ መንገድ ካልሆነ ምንድን ነው?

እዚሁ ነጥብ ላይ ማስረጃ ብሎ ያመጣው ነገር አለ። እ.ኤ.አ. በ1977 የወጣው ትራቬለር የተባለው የሕዋ ጨዋታ ከኮከብ ወደ ኮከብ የሚደረገው ዝላይ አንድ ሳምንት ገደማ እንዲፈጅ አድርጎታል። ርቀቱ ቢያንስም ቢበዛም ያው አንድ ሳምንት። «ጨዋታ አዋቂዎቹ ዝግታን የመረጡት በምክንያት ነው» ይላል ወዳጄ። ልክ ነው፣ ምክንያት አላቸው። ግን ምክንያቱ መንገዱ አይደለም። ያ ሳምንት ብዙ ጊዜ በአንድ ዓረፍተ ነገር ነው የሚታለፈው። ዝግታው የሚጠቅመው ለወሬ ነው። በዚያ ዓለም ከመርከብ የሚቀድም መልእክት የለም። ንጉሥ ቢሞት አጠገቡ ያለው ኮከብ የሚሰማው ከሳምንት በኋላ ነው። በእኛ ጨዋታ ግን ስልክ አለ። ካራክተሮቹን በአየር መርከብ ብታዘገያቸውም ወሬው ቀድሟቸው ይደርሳል። ዝግታን ብቻ ቆርጠህ ብታመጣ ትርፉ መሰልቸት ነው።

ሁለተኛ፦ «ኮንኮርድ ሞክሮ ከሸፈ፤ ከዚያ ወዲህ የደፈረ የለም»

ከድምፅ የሚፈጥነው የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ኮንኮርድ፣ መንገደኛ ማመላለስ የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ያቆመው በ2003። 27 ዓመት ማለት ነው። በጠዋት ከለንደን የተነሣ ሰው ሦስት ሰዓት ተኩል ገደማ በርሮ ኒው ዮርክ ሲወርድ፣ የኒው ዮርክ ሰዓት እሱ ከተነሣበት ሰዓት ገና ወደ ኋላ ነበር። 27 ዓመት የሠራ ነገር ከሸፈ ከተባለ የእኔን ላፕቶፕ ምን ልንለው ነው?

ያቆመው ፊዚክስ ሳይሆን ኪስ ነው። የሚይዘው ወደ 100 ሰው ብቻ ነበር። ነዳጁም ጥገናውም ውድ ነበር። በአየር መንገድ አገልግሎት የዋሉት 14 ብቻ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2000 አንዱ ፓሪስ አጠገብ ወድቆ 113 ሰው ሞተ። በማግስቱ ዓመት የዓለም የአየር ጉዞ ገበያ ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሒሳቡ አልወጣም።

ሌላው ያነቀው ድምፁ ነው። ይህን ወዳጄ በአንድ መስመር አልፎታል። እኔ አላልፈውም፤ ለጨዋታ ወርቅ ነውና። ብዙ ሰው ፍንዳታው የሚሰማው አውሮፕላኑ የድምፅን ፍጥነት ሲያልፍ አንዴ ብቻ ይመስለዋል። አይደለም። ከድምፅ እስከፈጠነ ድረስ ፍንዳታውን እንደ ምንጣፍ ከኋላው እየጎተተ ነው የሚሄደው። 18 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ቢበር፣ ከሥሩ ወደ 100 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው መሬት ላይ ያለ ሰው ሁሉ ይሰማዋል። እ.ኤ.አ. በ1964 ኦክላሆማ ሲቲ ላይ ሰዉ ይለምደው እንደሆነ ለማየት ሞከሩት። በስድስት ወር ውስጥ ከ1,250 ጊዜ በላይ ፍንዳታ አሰሙት። ሰዉ የመለሰላቸው በአቤቱታ ጎርፍ ነው። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1973 የሲቪል አውሮፕላን ከመሬት በላይ ከድምፅ እንዳይፈጥን ከለከለች። ኮንኮርድም ሩጫው ባሕር ላይ ሆኖ ቀረ።

«የደፈረ የለም» ላለው ደግሞ፣ ናሳ ፍንዳታውን ወደ ለስላሳ «ዱብ» የሚል ድምፅ ለማውረድ የሠራው ኤክስ 59 አውሮፕላን እ.ኤ.አ. በ2025 ለመጀመሪያ ጊዜ በርሯል። መንገደኛ አይጭንም፣ መሞከሪያ ነው። ግን ደፍረዋል።

አሁን ይህን ወደ ጠረጴዛችን አምጡት። በጨዋታችን ሕግ ጭልፊት ከመሬት በላይ መፍጠን አይችልም። አዲስ አበባ ደግሞ ባሕር የላትም። እስከ ጅቡቲ በአየር ወደ 560 ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ ጭልፊቱ ከግማሽ ሰዓት በላይ እንደ ተራ ጄት እያዘገመ ሄዶ፣ ኤደን ባሕረ ሰላጤ ላይ ሲደርስ ነው የሚለቀው። በምዕራብ በኩል ግን እስከ አትላንቲክ ድረስ መሬት ነው። ካርታ አውጡና ለኩ። ሙምባይና ሌጎስ ከአዲስ አበባ በርቀት እኩል ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሁለቱም ከ4,000 ኪሎ ሜትር ትንሽ ያንሳሉ። በእኛ 2150 ግን ሙምባይ በሁለት ሰዓት ትንሽ ፈቅ ብሎ ይደረሳል። ሌጎስ የዛሬውን ያህል ይርቃል። የቱሉ ዲምቱ ልጅ ሂንዲ ይቀላቅላል እንጂ ዮሩባ አያውቅም። ይህን ሁሉ የሠራው አንድ የጩኸት ሕግ ነው።

አንድ ቸኩሎ አፋር ሰማይ ላይ የለቀቀ ፓይለትም ነበረ። ግመሎቹ ደንብረው ተበተኑ። ጉዳዩ በሽማግሌዎች ፊት ቀረበ። ካሳ ሲቆረጥ ቡድናችን አስተርጓሚ ሆኖ ቆመ። ከሰርጉ ቀጥሎ የምወደው ቅዳሜ እሱ ነው።

ሦስተኛ፦ «አዲስ አበባ ከፍታዋ አይፈቅድም፤ አቅማችንም አይፈቅድም»

ሁለት ክስ በአንድ ጠቅልሏል። የመጀመሪያው እውነት ነው። ባርኔጣዬን አነሣለሁ።

ቦሌ ከባሕር ጠለል 2,334 ሜትር ላይ ነው። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ አምስተኛ ገደማ የሳሳ ነው። ክንፍም ሞተርም የሚሠሩት በአየር ነው፤ አየሩ ሲሳሳ ሁለቱም ይዳከማሉ። ሙሉ ነዳጅ የጫነ ትልቅ አውሮፕላን ከቦሌ መነሣት ይከብደዋል። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ ቆሞ ነዳጅ የሚሞላው፣ ሲመለስ ግን በቀጥታ የሚመጣው ለዚህ ነው። ዘመድ ለመሸኘት ቦሌ የቆመ ሁሉ «ለምን ሲሄድ ይቆማል?» ብሎ ሳይጠይቅ አይቀርም። መልሱ ተራራው ነው።

ታዲያ በጨዋታው ጭልፊትን ቦሌ ላይ አላስቀመጥኩትም። ቢሾፍቱ ነው ያለው፣ ዛሬም አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ በታሰበበት አካባቢ። ቢሾፍቱ ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ትላለች። ይህ ደግሞ ያልጠበቅነውን ነገር አመጣ። ከመሀል ከተማ ቢሾፍቱ የሚሄድ ሰው በየት ያልፋል? የአዳማው ፈጣን መንገድ የሚጀምረው ቱሉ ዲምቱ ነው። እኛ በር ላይ! ዛሬ «እዚያ ድረስ ማን ይመጣል» የሚባልበት ሰፈር በ2150 መሀል ሆነ። ፒያሳ ዳር ሆነች። ከየካ አባዶ የምትመጣው ጓደኛችን ይህን ስትሰማ ለአምስት ደቂቃ ሳቋን አላቆመችም። ከዚያ ዝም አለች። «የኔ ሰፈርስ?» አለች። የካ አባዶ በ2150ም ዳር ነው። ምን ላድርግ።

ሁለተኛው ክስ፣ «ይህ የኒው ዮርክና የቶኪዮ ነገር ነው፤ እኛ ጋ ሲመጣ ውሸት ይመስላል» የሚለው፣ እሱ ላይ አልስማማም። አዲስ አበባ የመጀመሪያውን አውሮፕላን ያየችው ነሐሴ 1921 ዓ.ም. ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ካይሮ መብረር ሲጀምር፣ አብዛኛው የአገሩ ሰው የሚሄደው በእግሩና በበቅሎ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ድሪምላይነር አፍሪካ ሲገባ በመጀመሪያ የተረከብነው እኛ ነን። በቅሎና ጄት ጎን ለጎን መኖራቸው እዚህ አገር ልብወለድ አይደለም። ጠዋት በጋሪ ሄዶ ማታ ዱባይ የሚያድር ሰው ሁላችንም እናውቃለን። ይልቅ ውሸት የሚመስለው ሁሉም ሰው እኩል ተሳፋሪ የሆነበት 2150 ነው። የወንጭፍ ትኬት ቡድኑ በስምንት ወር የሚያገኘውን ይበላል ያልኩት ለዚያ ነው። አድራሾቹ የሚሳፈሩት ሰው ሲከፍልላቸው ብቻ ነው። ከፋዩ ማን እንደሆነና ምን እንደሚፈልግ ማጣራት ደግሞ የእነሱ ፋንታ።

አራተኛ፦ «ነገር በመጣ ቁጥር ያመልጣሉ»

ይህ ነጥብ አጭር መልስ ነው የሚፈልገው። እግረኛ አጥር ይዘላል። ፈጣን ነገር ግን በር አለው፣ በሩ ላይ ሰው አለ፣ ሰውየው ስም ይጽፋል። ሽፍታ የሚሸሽ ሰው በሞያሌ መንገድ ጫካ መግባት ይችላል። ወንጭፍ ላይ ጫካ የለም። ፓስፖርት አለ፣ ፍተሻ አለ፣ የሐኪሙ ማስረጃ አለ፣ ቪዛ አለ። በረራው 20 ደቂቃ፣ የቪዛ ቀጠሮው ሦስት ወር። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አለብኝ?

ሰውነትም አለ። የሩሲያዋ መንኮራኩር ሶዩዝ ከሕዋ ስትመለስ፣ በመደበኛው አወራረድ እንኳ ውስጧ ያለው ሰው የክብደቱን አራት እጥፍ ያህል ይሰማዋል። 60 ኪሎ የሆነ ሰው 240 ኪሎ ሆኖ ደረቱ ላይ ይቀመጣል ማለት ነው። ወንጭፍን በዚያው ልክ ነው የሠራሁት። ስለዚህ የአንዱ ካራክተር አያት፣ ልባቸውን የሚያማቸው፣ በወንጭፍ አይሄዱም። ቡድኑ በሁለት ደቂቃ ሊያመልጥ ይችል ይሆናል። እማማን ግን ለማን ጥሎ?

ደግሞ ያመለጡበትን አንድ ቀን ንገረኝ። እኔ የማስታውሰው ያመለጣቸውን ነው። ትኬቱ ላይ 8፡00 ይላል። የጀሞው ልጅ «ከምሳ በኋላ ነው፣ ምን ያስቸኩላል» አለ። ወንጭፉ የሄደው ከጠዋቱ 2 ሰዓት ላይ ነው። በ2150ም ሰዓታችን አልተቀየረም።

አምስተኛ፦ «የአየር መርከብ ይሻላል»

እዚህ ላይ ወዳጄ በገዛ ገመዱ ታነቀ። ሦስተኛው ነጥብ ላይ «ከፍታው አይፈቅድም» ሲል አልነበር? የአየር መርከብ የሚንሳፈፈው በምኑ ሆነና? ከከበበው አየር ስለቀለለ ነው። አየሩ በሳሳ ቁጥር የሚያነሣው ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ አንድ ሜትር ኩብ ሂሊየም ወደ አንድ ኪሎ ያነሣል። ቦሌ ከፍታ ላይ 800 ግራም ገደማ። እንጦጦን ልሻገር ካለ ከ3,000 ሜትር በላይ መውጣት አለበት፣ ከዚያም ያንሳል። ከፍታው ጭልፊትን ካስቸገረ የአየር መርከቡንም ያስቸግራል። ጭልፊት እንኳ ረዘም ያለ መንደርደሪያ ተሰጥቶት ይነሣል።

ፍጥነቱስ? ሂንደንበርግ የተባለው የድሮው የጀርመን የአየር መርከብ በሰዓት 125 ኪሎ ሜትር ገደማ ነበር የሚሄደው። በዚያ ሒሳብ ሙምባይ ለመድረስ አንድ ቀን ከስድስት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ንፋስ ከሌለ ነው ደግሞ። ከፊት ከነፈሰ አላህ ይሁነው።

ግን እውነቱን ልናገር፣ ሐሳቡ ቆንጆ ነው። በመስኮት አዋሽን ቁልቁል እያዩ መሄድ ማን ይጠላል? ስለዚህ አራተኛ አማራጭ አድርጌ አስገብቼዋለሁ። የጫጉላ ሰዎችና ከባድ ጭነት ይሂዱበት። ልባቸውን የሚያማቸው አያትም በእሱ ይሄዳሉ። ለዚህ አመሰግናለሁ።

ስድስተኛ፦ «ሒሳቡ በዛ፤ ጨዋታ ነው ፈተና?»

የመጨረሻ ክሱ ይህ ነው። ምርጫው ሁሉ ደቂቃ መደመር ሆነ ይላል። ምሳሌ ያደረገው ያለፈውን ቅዳሜ ነው። እኔም እሱኑ ምሳሌ አደርጋለሁ፤ ያልነገራችሁ ነገር አለና።

ተልእኮው ይህ ነበር። ሙምባይ አንድ ልብ ተገኝቷል። ታማሚዋ ያለችው ቱሉ ዲምቱ ሆስፒታል ነው። ለንቅለ ተከላ የወጣ ልብ በበረዶ ሳጥን ውስጥ በደህና የሚቆየው አራት ሰዓት ገደማ ነው። ይህ የዛሬ እውነት ነው። በ2150ም እንደዚያው ይሁን አልኩ። ጌም ማስተር መሆን ጥቅሙ ይህ ነው።

ተራ ጄት አምስት ሰዓት ይፈጃል። ወጣ።

ጭልፊት የሚነሣው በፕሮግራም ነው። ቀጣዩ ከአንድ ሰዓት በኋላ ነው። ከዚያ ባሕሩን በአንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ይጨርሳል፤ መሬት ላይ ያዘግማል። በጠቅላላው ሁለት ሰዓት ከአሥር ደቂቃ። ከቢሾፍቱ ቱሉ ዲምቱ ግማሽ ሰዓት። ድምሩ ሦስት ሰዓት ከአርባ።

ወንጭፍ አሁኑኑ ይነሣል። ግን የሚነሣው ከባሕር ላይ ነው፤ ከሙምባይ በጀልባ አንድ ሰዓት። በረራው 20 ደቂቃ። ቆይታ ላይ ካረፈ በኋላ አካሉ እስኪበርድ፣ የተረፈው ነዳጅ እስኪወጣ 45 ደቂቃ ማንም አይጠጋም። ከቆይታ ቦሌ በትንሽ አውሮፕላን አንድ ሰዓት። ከቦሌ ቱሉ ዲምቱ፣ ለዚያውም ቅዳሜ ከሰዓት፣ 40 ደቂቃ አልኳቸው። ሁሉም ሳቁብኝ። ድምሩ ሦስት ሰዓት ከአርባ አምስት።

አያችሁት? በሰከንድ ኪሎ ሜትሮች የሚወረወረው ሮኬት ከአውሮፕላኑ በአምስት ደቂቃ ዘገየ። ሒሳቡ ያለቀው እዚያ ነው። በአምስት ደቂቃ ልዩነት የሚወሰን ነገር የለም። ከዚያ በኋላ ክርክሩ ስለ ደቂቃ አልነበረም። ጭልፊት ፕሮግራሙን ቢያፈርስስ? ቆይታ ላይ ንፋስ ቢነሣስ? የወንጭፉን ትኬት የሚከፍለው የታማሚዋ ወንድም ገንዘቡን ከየት አመጣው? ከሳጥኑ ጋር አንድ ሰው ብቻ ነው የሚሄደው፤ ማን ይሂድ? አርባ ደቂቃ ተከራከርን። አቦሉ አልቆ ቶናው ቀረበ። ስልኩን ያነሣ ሰው አልነበረም። እኔ ከዚህ የተሻለ ቅዳሜ አላውቅም።

ወዳጄ ያልነገራችሁ እንግዲህ ይህ ነው። «ወንጭፍ! ወንጭፍ ነው!» እያለ ጠረጴዛውን የመታው እሱ ነው። ሌሎቹ ወደ ጭልፊት አዘንብለው ነበር። እሱ ነው የመለሳቸው። ሳጥኑን ይዞ የሄደውም የእሱ ካራክተር ነው። ጀልባው ደህና ሄደ። በረራው ደህና ሄደ። ካረፈ በኋላ የአየሩን ሁኔታ ለማየት ባለ 20 ፊቱን ዳይስ ጣለ። 3 ወጣ። ንፋስ ተነሣ፣ አቧራው ሜዳውን ሸፈነው፣ ትንሿ አውሮፕላን አልነሣም አለች። ቡና ሻጯ ከጠዋት ጀምሮ «ዛሬ የለም» ስትል ነበር። የጠየቃት የለም።

«ወንጭፉ ይቅር» የሚለው ጽሑፍ የተላከው በማግስቱ ነው። እሑድ ጠዋት።

ቅዳሜውን ጨዋታው አላለቀም። ምሽት 2 ሰዓት ሲሆን የጀሞው ልጅ «ታክሲ ሊያመልጠኝ ነው» ብሎ ተነሣ፤ ከእሱ ጋር ሁሉም ተነሡ። ከእኔ ቤት ጀሞ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ከሃያ ፈጀበት። ሙምባይ ቱሉ ዲምቱን አስቡት።

ስለዚህ ወዳጄ፣ ካራክተርህ አሁንም ቆይታ ላይ ነው፣ አቧራ ውስጥ። ሳጥኑ ጭኑ ላይ ነው። ልቡ ከወጣ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ ደቂቃ ሆኖታል። ቡና ሻጯ አንድ ስኒ ቀድታልሃለች፤ የሆነ ነገር ልትነግርህ ትፈልጋለች። ዳይስህን ደግሞ እዚሁ ረስተኸው ነው የሄድከው። ሶፋው ሥር ነው ያገኘሁት።